ጉዱ ካሣ የሌለው ሩጫ፦ ልብ ወለድ አትሌት በፊልምና በማስታወቂያ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኝ፣ በመጻሕፍት ትምህርቷ የታወቀች ጥንታዊት የገዳም ስፍራ ናት። አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ግን ዲማን የሚያውቃት ሄዶ አይቷት ሳይሆን፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አማካይነት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩት በዚያ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ያደገችው በዚያ ነው፤ የማንኩሳው በዛብህ ዕጣው የተለወጠው በዚያ ነው፤ ጉዱ ካሣ የወገኖቹን ሥርዐት ፊት ለፊት የነቀፈው በዚያ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ክርስትና ተነሥቶ፣ ግብር ገብሮ፣ በመዝገብ ሰፍሮ አያውቅም። ሆኖም የዲማ ስም በተነሣ ቁጥር፣ በስፍራው በእውነት ከኖሩትና ካስተማሩት ሰዎች ይልቅ ቀድመው ወደ አእምሮ የሚመጡት እነርሱ ናቸው።

በሩጫ ረገድ የአገሪቱ ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፦ የሚታወሱት ሁሉ በእውነት የኖሩ፣ ሰዓታቸው የተመዘገበ ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ እንደ ጉዱ ካሣ በስሙ የሚጠራው፣ ጠባዩን ለምሳሌ የሚያነሣው ልብ ወለድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ እስካሁን አልተፈጠረም። በሯጮቿ ለምትታወቅ አገር ይህ እንግዳ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል፦ እውነተኛ ስም ያለው አትሌት በፊልም ውስጥ ሊሸከመው የማይችለው የእውነት ክፍል አለ፤ ያን ክፍል ሊሸከም የሚችለው ልብ ወለዱ አትሌት ነው፤ እርሱ በሌለበት ስለ ሩጫ የሚነገረው ሁሉ የአሸናፊዎች ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱ ዓይነት ሰዎች፣ የተፈጠሩትና የኖሩት፣ ወደ ኢትዮጵያውያን ቤት የገቡት በአንድ በር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው አድማጭ ጭምር ከጉዱ ካሣ ጋር ተዋወቀ። የኦሊምፒክ ድሎችም ለረጅም ዘመን ለአብዛኛው ሕዝብ የደረሱት በዚያው ሬዲዮ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ከከተማ ውጭ ለነበረው ሰው ምሩፅም ጉዱ ካሣም ከአንድ ሣጥን የሚወጡ፣ በዐይነ ሕሊና የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው የምሩፅ ቅጽል ራሱ ግማሽ ገጸ ባሕርይ ነው፤ በመጨረሻው ዙር ድንገት የሚፈተለክን ሰው በሁለት ቃል የሚስል። ከዚያ ግማሽ ግን የተሻገረ የለም።

መሸነፍ የሚፈቀድለት

በዓለም ፊልም ታሪክ እጅግ የታወቀው ልብ ወለድ አትሌት ቦክሰኛው ሮኪ ባልቦአ ሳይሆን አይቀርም። ሲልቬስተር ስታሎን ጽፎ የተጫወተው «ሮኪ» እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ የምርጥ ፊልም ኦስካር አገኘ። ለታሪኩ መነሻ የሆነው ቸክ ዌፕነር እ.ኤ.አ. በማርች 1975 ከመሐመድ አሊ ጋር ያደረገው ግጥሚያ ነው። ዌፕነር ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ተጋጣሚ ነበር፤ በ9ኛው ዙር ግን አሊን መሬት አስነካ፤ 15ኛው ዙር ሊጠናቀቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። ሮኪም በፊልሙ መጨረሻ ይሸነፋል፤ ዳኞቹ በድምፅ ተከፋፍለው ለአፖሎ ክሪድ ይፈርዳሉ። ብዙ ተመልካች ይህን ሽንፈት ይዘነጋዋል። ምክንያቱም ፊልሙ ከመጀመሪያው የጠየቀው ጥያቄ «ያሸንፋል ወይ?» ሳይሆን «እስከ ደወሉ በእግሩ ይቆማል ወይ?» የሚል ነበር። እውነተኛው ዌፕነር ያን ቀን አልቆመም፤ ስታሎን በፈጠረው ሰው ላይ ግን ያችን የጎደለች ጥቂት ሴኮንድ ጨመረለት።

ይህ ፈጠራ ግን ያለ ዕዳ አልመጣም። ዌፕነር ሕይወቱ ያለ ፈቃዱ ለንግድ ዋለብኝ በማለት እ.ኤ.አ. በ2003 ስታሎንን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2006 በስምምነት አለቀ። ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ለሦስተኛው የሮኪ ፊልም የተሠራው የነሐስ ሐውልት በሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አጠገብ ጎብኚ ሲስብ ኖሯል፤ በዚያችው ከተማ የኖረውና በእውነት የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጆ ፍሬዘር ግን ሐውልት የቆመለት ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ያልኖረው ሰው የኖረውን ሊጋርደው ይችላል። ዲማም ይህን ዕዳ ታውቀዋለች።

ከቦክስ ወደ ሩጫ ስንመጣ፣ ልብ ወለድ ሯጭ ሊያደርገው የሚችለውን የመጨረሻ ነገር ያደረገው ኮሊን ስሚዝ ነው። አለን ሲሊቶ በ1959 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድና ቶኒ ሪቻርድሰን በ1962 ከዚያው ባዘጋጀው ፊልም፣ ኮሊን በእንግሊዝ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ የታሰረ የሠራተኛ ልጅ ነው። የማረሚያው አለቃ የሩጫ ችሎታውን አይቶ ዋንጫ እንዲያመጣለት ይፈልጋል። ኮሊን ውድድሩን እየመራ ይመጣና መጨረሻው መሥመር አጠገብ ሲደርስ ሆን ብሎ ይቆማል፤ ሌላው አልፎት እስኪያሸንፍ ይጠብቃል። እውነተኛ አትሌት እንዲህ ቢያደርግ ድርጊቱ ቅሌት ወይም ምርመራ ይሆናል። ልብ ወለዱ ሲያደርገው ግን ተመልካቹ «ሩጫው የማን ነው? ዋንጫው የሚገባው ለማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይወጣል።

ጉዱ ካሣ በዲማ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። በ1958 ዓ.ም. አንድ ደራሲ የአንድን በሕይወት ያለ ባላባት ስም ጠርቶ በጢሰኞቹ ላይ ያደረሰውን ግፍ ቢጽፍ፣ ነገሩ በጽሑፍ ብቻ አያበቃም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን አገልጋይም ሹምም ሆነው ያዩትን ሥርዐት፣ «ጉዱ» ተብሎ እንደ እብድ በሚቆጠር ሰው አፍ አናገሩት። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሰሙ የተፈጠረው ሰው ነው።

ባለ እውነተኛ ስሙ ፊልምም ቢሆን ከፈጠራ ነጻ አለመሆኑን ማንሣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «የእሳት ሠረገሎች» በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳደሩትን የኤሪክ ሊድልንና የሃሮልድ አብርሃምስን ታሪክ ይተርካል። በፊልሙ ሊድል የ100 ሜትር ማጣሪያ በሰንበት እንደሚካሄድ የሚሰማው ወደ መርከብ ሊገባ ሲል ነው፤ በእውነቱ ግን ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ ለ400 ሜትርም የተዘጋጀው በዚያ ጊዜ ነው። ፊልሙ የቀነሰው የሰውየውን ልምምድ ነው። ይህ የመቀነስ ልማድ በኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ ሲደርስ ጎልቶ ይታያል።

የአበበ እግር

አበበ ቢቂላ በሮም ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ሰዓቱ 2፡15፡16.2 ነበር። ባዶ እግሩን መሮጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስሙ አልተለየም። ነገሩን ያስከተለው ግን ተራ ምክንያት ነው፤ የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹትም፤ በባዶ እግር መሮጥም ልምምዱ ውስጥ ነበረ። በቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ 2፡12፡11.2 ገባ። ሁለቱም በጊዜው የዓለም ምርጥ ሰዓቶች ናቸው፤ በጫማ የገባው ግን ከባዶ እግሩ በ3 ደቂቃ ይፈጥናል። የዓለም ትዝታ የያዘው የመጀመሪያውን ነው።

የጃፓኑ የፊልም ሰው ኮን ኢቺካዋ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የአበበን ሩጫ በረጅም ትዕይንት ቀርጾታል። ካሜራው ከእግሩ ይልቅ ፊቱ ላይ ይቆያል፤ ያ ፊት ምንም አይናገርም። ፊልሙ ዘጋቢ ቢሆንም፣ ይህ ዝምታ በኋላ ለመጡ ልብ ወለዶች ባዶ ገጽ ሆነላቸው፤ የፈለጉትን ጻፉበት። ዋናው ምሳሌ ዊልያም ጎልድማን በ1974 የጻፈውና ጆን ሽሌሲንገር በ1976 ያዘጋጀው «የማራቶን ሰው» ነው። ደስቲን ሆፍማን የተጫወተው ቤብ ሌቪ በኒው ዮርክ የታሪክ ትምህርት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ በሴንትራል ፓርክ የውኃ ማጠራቀሚያ ዙሪያ ይሮጣል፤ አርአያው አበበ ነው፤ የአበበ እውነተኛ ምስልም በፊልሙ ውስጥ ይገባል። ቤብ ከገዳዮች የሚያመልጠው በሩጫ ጽናቱ ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻው ነገር አለ፦ ልብ ወለዱ ሯጭ አሜሪካዊ ነው፤ ፍርሃት፣ ሐዘን፣ ወንድም፣ ያልተጠናቀቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው ሙሉ ሰው ነው። ኢትዮጵያዊው ደግሞ እውነተኛ ነው፤ ግን ከጽናት ሌላ ምንም የለውም። ሥጋ የለበሰው የተፈጠረው ሰው፣ ጥላ የሆነው የኖረው ሰው ነው። (የድኅረ ምረቃ አንባቢ ቤብን በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ያን ያህል የሚሮጥ ተማሪ ጽሑፉን መቼ ይጨርሳል?)

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሞከረው «አትሌቱ» ነው። ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ2009 ያዘጋጁት ይህ ፊልም፣ ኢትዮጵያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ያቀረበችው የመጀመሪያው ሥራ ሆኗል። አበበን የተጫወተው ራሱ ራሰላስ ነው። የፊልሙ ብልሃት ሌሎች በሚያበቁበት መጀመሩ ነው፦ ሜዳሊያዎቹ ካለፉ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ከወገብ በታች ያለውን አካሉን ያሳጣውን ሰው ይከተላል፤ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል፣ ወደ ቀስት ውርወራ፣ ወደ ኖርዌይ የበረዶ ውድድር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም በፊልሙ አለ። ስለዚህ ከአበበ ምስሎች ሁሉ እግሩን ትቶ ሰውየውን ለማየት የደፈረው ይህ ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም እውነተኛ ስም ገደብ አለው፤ የአንድ ብሔራዊ ጀግና ቂም፣ ንዴት፣ ምሬት በፊልም ሲገባ ሁልጊዜ ጀግናውን ላለማሳነስ በመጠንቀቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀነሰው አንድ ነገር ሌሎች ሯጮች ናቸው። አበበ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ልምምዱ፣ ቀለቡ፣ አሠልጣኙ ከተቋም ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬም የኢትዮጵያ ሯጮች ልምምድ በቡድን ነው፤ በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ ሜዳ ሯጮች በሰልፍ ተከታትለው፣ የኋላው የፊተኛውን እግር እየተከተለ ይሮጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ ያጠናው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማይክል ክሮውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለብቻ መሮጥ ለጤና ብቻ እንደሚሆን፣ ለውጥ የሚመጣው ግን ከሌሎች ጋር በመሮጥ እንደሆነ ሯጮቹ ያላቸውን ጽኑ እምነት ያሳያል። ፊልሙና ማስታወቂያው ደግሞ በተቃራኒው አንድ ብቸኛ ሯጭ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሰፊ ሜዳ ላይ ያሳያሉ። ይህ ምስል ያማረ ነው፤ ሐሰትም ነው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የሚሮጡት አብዛኞቹ ፓስፖርት ሳይዙ፣ ውድድር ሳያዩ ይመለሳሉ። ስለ እነርሱ የሚያወራ ስም የለም፤ እውነተኛ ስም ይዞ መጥቶ «እኔ አልተሳካልኝም» ብሎ ለፊልም የሚቀርብ ሰው አይገኝምና።

በእውነትና በፈጠራ መካከል ለየት ያለ ቦታ የያዘው «ኢንዱራንስ» ነው። ሌዝሊ ውድሄድ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ይጫወታል፤ ሕፃኑን ኃይሌን የእኅት ወንድም ልጅ የሆነው ዘመዱ ይጫወታል፤ ሌሎች የቤተሰቡ አባላትም የቀድሞ ወላጆችን ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ የተጫወተው ሰው ባለታሪኩ ባይሆንም ደሙ ነው። ከአሰላ አቅራቢያ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው፣ ደብተሩን በክንዱ አቅፎ በመሮጡም የግራ እጁ አያያዝ በውድድር እንኳ ያልለቀቀው ልጅ ታሪክ ይታያል። የፊልሙ መድረሻ ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. የአትላንታው 10 ሺሕ ሜትር፣ 27፡07.34 ነው። ተመልካቹ ይህን መድረሻ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ድህነቱም፣ የአባት ተቃውሞም፣ ድካሙም ሁሉ ለወርቁ መንገድ ሆነው ይታያሉ። እንደዚያው የደከሙ፣ እንደዚያው ደብተር አቅፈው የሮጡ የሌሎች ልጆች መንገድ ግን ወዴት አደረሰ? ፊልሙ ይህን ሊጠይቅ አይችልም፤ ባለታሪኩ ኃይሌ ነውና።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና «ነፋስን ተቃርኖ መሮጥ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የያን ፊሊፕ ቫይል ፊልም ነው። ኢትዮጵያ ይህንንም ለኦስካር አቅርባዋለች። አብዲ ሯጭ የመሆን፣ ሰሎሞን ፎቶ አንሺ የመሆን ሕልም ያላቸው የልጅነት ጓደኞች ናቸው፤ ሁለቱም የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ ወደ ሜዳሊያ ከመሮጥ ይልቅ በሁለት ሰው መካከል የሚፈጠረውን ርቀት ማሳየት፣ ልብ ወለድ ብቻ የሚፈቅደው ነጻነት ነው። አብዲ ገና ጉዱ ካሣ አልሆነም፤ አንድ ፊልም ያን ያህል ስም ሊያስገኝ አይችልም። መንገዱ ግን ይኸው ነው።

ዋስ የሚሆነው ፊት

በማስታወቂያ ጉዳዩ ይከፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታወቅ አትሌት በማስታወቂያ ላይ የሚቆመው እንደ ተዋናይ ሳይሆን እንደ ዋስ ነው። ዋስ ደግሞ ስም፣ አገርና ዘመድ ሊኖረው ይገባል፤ ያልኖረ ሰው ዋስ መሆን አይችልም። ስለዚህ አስተዋዋቂው ገጸ ባሕርይ አይፈጥርም፤ ፊት ይከራያል። አትሌቱ ምርቱን ይዞ ፈገግ ይላል፣ ጥቂት እርምጃ ይሮጣል፣ ያበቃል።

በሌላ አገር የተለየ መንገድ ተሞክሯል። ስፓይክ ሊ እ.ኤ.አ. በ1986 በፊልሙ የፈጠረውን ወሬኛውን ማርስ ብላክመን ናይኪ ወደ ጫማ ማስታወቂያ አምጥቶ ከማይክል ጆርዳን ጎን አቆመው። ጆርዳን ዝም ይላል፣ ይዘላል፤ ማርስ ይለፈልፋል፣ ይጠይቃል፣ ይቀናል። የተመልካቹ ቦታ የማርስ ነው። እዚህ ላይ ልብ ወለዱ ለእውነተኛው አትሌት የሰጠው ክብርን ሳይቀንስ ሣቅን ነው። የእኛ ማስታወቂያዎች ከሯጩ ጎን የሚቆም እንዲህ ያለ ሰው ኖሯቸው አያውቅም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። የስታዲየም ጭፈራና የደጋፊ ትዕይንት ይታይባቸው የነበሩት የቢራ ማስታወቂያዎችም፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ በኋላ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከልክለዋል። ክልከላው ለጤና ሲባል የተገባ ነው፤ ለማስታወቂያ ጸሐፊዎች ግን ሌላ ዓይነት ገጸ ባሕርይ የመፈለግ ዕድል መሆን ነበረበት።

ፊት ሲከራይ ቢያንስ ፈቃድ አለ። ስም ያለ ፈቃድ ሲወሰድስ? የጣሊያኑ ቪብራም እ.ኤ.አ. በ2010 ጣት ለጣት የተሠራ፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ «ቢኪላ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። የአበበ ቤተሰብ በ2015 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱም ቤተሰቡ ስሙ መዋሉን እያወቀ ዘግይቷል በሚል ምክንያት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ስም በጫማ ላይ ታተመ። ዌፕነር ቢያንስ በስሙ ምትክ ሌላ ስም ተፈጥሮለት ነበር፤ እርሱ ዌፕነር ሆኖ ሲቀር የተሸጠው ሮኪ ነው። አበበን ግን የሚከላከልለት፣ በፊቱ የሚቆም የተፈጠረ ሰው አልነበረውም።

በርሊን፣ ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

የተባለው ሁሉ ወደ ጎጃም ሲመለስ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ውድድር በቂ ነው። በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10 ሺሕ ሜትር የደብረ ማርቆስ ተወላጇ መሰለች መልካሙና ሌላዋ የጎጃም ልጅ ውዴ አያሌው ከኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ጋር ለመጨረሻው ቀጥታ ደረሱ። መሰለች ከ2 ወር በፊት፣ ሰኔ 7 ቀን፣ በኔዘርላንድ ዩትሬክት ርቀቱን በ29፡53.80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን የያዘች ሴት ነበረች። በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ወርቁ የእርሷ መስሎ ነበር። ሊኔት መሥመሩ ላይ ስትደርስ አለፈቻት። ውጤቱ 30፡51.24፣ 30፡51.34፣ 30፡51.95 ተብሎ ተመዘገበ። ሦስቱም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ገቡ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የጎጃም ልጆች ነበሩ።

ድራማ የሚፈልግ የፊልም ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል? ስለዚያ ቅጽበት የሚነገረው ግን አንድ መሥመር ነው፤ «በጥቂቱ ተቀደመች»። ከዚያ በላይ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ወዲያው ከእውነተኛ ሴት ክብር ጋር ይጋጫል፦ በዚያች ቅጽበት ምን አሰበች? ወደ ሆቴል ስትመለስ ማን ጋር ተነጋገረች? ከአገሯ ልጅ ጋር በአንድ መድረክ ስትቆም ደስታው ከቁጭቱ በለጠ ወይስ አነሰ? እነዚህን በመሰለች ስም መመለስ ድፍረት ነው። መልሱ የእርሷ ብቻ ነው፤ ካልተናገረችው ማንም ሊናገርላት አይገባም።

በተፈጠረች ሴት ስም ግን ሊመለሱ ይችላሉ። ለምሳሌ አንዲት የዲማ ልጅ ትፈጠር። ከሰልፉ ሦስተኛ ወይም አሥረኛ ሆና የምትሮጥ፤ የምትከተለው እግር የጓደኛዋ የሆነ፤ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ሲነገር ስሟን ለመስማት በዝምታ የቆመች፤ ያገኘችው ጥቂት ገንዘብ በማን እጅ እንደገባ የምታውቅና ለመናገር የምትፈራ፤ ለአባቷ በስልክ «ደኅና ነኝ» የምትል። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ከዲማ ወደ ዓባይ በረሃ በእግሯ ስትወርድ አንባቢ አብሯት ወርዷል፤ ያን ያህል ርቀት የሄደች ሴት በአማርኛ ልብ ወለድ አለች፤ ከእርሷ ወዲህ ግን በእግሯ ርቃ የሄደች፣ ሰዓቷ የተለካ፣ የተሸነፈች ሴት አልተጻፈችም። የመሥመር ዳኞቹ በበርሊን የለዩት ልዩነት 10 መቶኛ ሴኮንድ ነው፤ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል።